ጋሼ የነፉት፣ እኔ ያጸዳሁት

ትራምፔት ውስጥ ውሃ እንዳለ የማያውቅ ሰው ታድሏል። እኔ አውቃለሁ። ሰውየው በነፋ ቁጥር ትንፋሹ ከቀዝቃዛው ብረት ጋር ተገናኝቶ ጤዛ ይሆናል፣ ጤዛው ከምራቅ ጋር ይቀላቀላል፣ ከዚያ ቱቦው ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በጣቱ ይከፍትና እፍ ብሎ ያፈሰዋል። የት? እፊቱ ያለው መሬት ላይ። ያ መሬት የእኔ ነበር። ደብረ ብርሃን በኅዳር ምን እንደሆነች የኖረባት ያውቃታል፤ ውጭ ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃ ጠዋት ላይ በረዶ ለብሶ ይገኛል። በዚያ ብርድ የሚነፋ ትራምፔት ውሃው ማለቂያ የለውም። ሦስት ቀን ሙሉ መወልወያ ይዤ ስከተለው ከረምኩ።

ድሮም ተጠያፊ ነኝ። ሰው የቀመሰበት ማንኪያ ተመልሶ ድስት ውስጥ ሲገባ ካየሁ ያ ምሳ ለእኔ አበቃለት። እናቴ፣ “ይቺን የሚያገባ ሰው መጀመሪያ በሳሙና ተዘፍዝፎ ማደር አለበት” ትል ነበር። እስካሁን ተዘፍዝፎ የመጣ የለም። ይኸው ጠባይ ግን እንጀራዬ ሆነ፤ ሥራዬ ድምፅ ማጽዳት ነው። ከበግ ቆዳ መጋዘን ጀርባ በመስታወት ለሁለት የተከፈለች አንዲት ክፍል አለችኝ፣ ስቱዲዮ እላታለሁ። አዲስ አበባ ያሉት ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ስፖንጅ ይለጥፋሉ። እኛ ጋ ከስፖንጅ ይልቅ አጎዛ ስለሚቀርብ ግድግዳዬን ከላይ እስከ ታች በአጎዛ ለብጬዋለሁ። ድምፁን ጥሩ አድርጎ ይውጠዋል። ክረምት ሲሆን ግን ግድግዳው ራሱ በግ በግ ይሸታል፣ እኔም ሽቶ እየረጨሁ እከርማለሁ።

መዝሙር እቀዳለሁ፣ የሠርግ ዘፈን እቀዳለሁ። አሠራራችን እንዲህ ነው። ዘፋኙ ይመጣል፣ ይዘፍናል፣ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ነው። ከቅኝት የወጣውን እመልሳለሁ፣ ከምት የቀደመውን አስጠብቃለሁ፣ ትንፋሹን፣ ሳሉን፣ ጉሮሮ መጥረጉን እየቆረጥኩ “ቆሻሻ” ብዬ ስም የሰጠሁት ፎልደር ውስጥ እጥላለሁ። አጽጂልኝ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም፣ ለምን አጸዳሽ ብሎ የሚቆጣኝም የለም። ጨዋነት ነው። ያልጸዳ ዘፈን ለባለቤቱ መስጠት በእኛ ሥራ እንግዳን ባልተጠረገ ቤት እንደመቀበል ይቆጠራል።

ጋሼ የመጡት በጥቅምት መጨረሻ ነው። ጋሼ የምላቸው በዝምድና አይደለም። በወጣትነታቸው የወታደር ማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ነፊ ነበሩ፣ ከዚያ ወጥተው እስከ ጡረታቸው ድረስ እዚሁ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ የከተማውን የኪነት ቡድን ኖታ ያስተምሩ ነበር፣ እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጆሮ አለሽ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው ጋሼ ናቸው። ሌላው ሁሉ ምላስ አለሽ ነበር የሚለኝ።

ያን ቀን ገብተው ተቀመጡ፣ ሻርፓቸውን ፈቱ፣ አፋቸውን ከፈቱና የላይኞቹን የፊት ጥርሶቻቸውን በምላሳቸው ገፋ አደረጓቸው። ጥርሶቹ እንደላላ የበር ማጠፊያ ወዲያና ወዲህ አሉ። ድዳቸው አብጦ ጠቁሯል። ሽታው ጠረጴዛውን ተሻግሮ መጣ። ዐይኔን ጨፈንኩ።

“ጋሼ፣ በእናትዎ ይዝጉት!”

“እዪው እንጂ። ሐኪሙ አራቱም ይውጡ ብሏል።”

“ታዲያ ያስወጧቸዋ!”

“ትራምፔት በከንፈር ብቻ የሚነፋ ይመስልሻል? ከንፈሩ የሚደገፈው እነዚህን ነው። እነሱ ከሄዱ አለቀ።”

ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚባል ነገር እንዳለ ነገርኳቸው። ሳቁ። በሰው ሠራሽ ጥርስ መንፋት ከሀ ብሎ መጀመር ነው፣ ዓመታት ይፈጃል፣ ለዚያ የሚሆን ሳንባ የለኝም አሉ። ከዚያ የመጡበትን ነገሩኝ። ሐኪሙን የአንድ ወር ጊዜ እንዲሰጣቸው ለምነውታል። እስከዚያ አንድ አልበም መቅዳት ይፈልጋሉ።

“ዕድሜዬን ሙሉ የነፋሁት የሰው ማርሽ ነው” አሉኝ። “አንድ የራሴን ነገር ትቼ ልሂድ።”

እንዴት እምቢ ይባላል? እሺ አልኩ።

በኅዳር ሁለተኛ ሳምንት ሁለት ሰው አስከትለው መጡ። አንዱ ድራም መቺ ነው፣ ከድሬዳዋ መጥቶ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ላይ የሚሠራ ሳቂታ ሰው። ሌላው የጎረቤላ ባለማሲንቆ ነው፣ አንኮበርና አካባቢው ሠርግ ላይ የሚጫወት። ጋሼም ትውልዳቸው ጎረቤላ ነው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚያ ባለማሲንቆው ቤት ሲለማመዱ ነበር። ጋሼ የሁሉንም ስልክ ሰብስበው መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፉበት፣ ሲጫወቱ ማንም ስልክ እንዲነካ አይወዱም። እኔ ማይኮቹን አስተካክዬ ጠየቅኩ።

“በምን ቅኝት ነው?”

“ቅኝት የለውም።”

“ሪዝሙስ?”

“የለውም።”

“ታዲያ ምን አለው?”

“እኛ አለን” አሉ ጋሼ።

ነፃ ጃዝ ይባላል አሉኝ። ወታደር ቤት ሳሉ የባንዱ አሠልጣኝ ከሸክላ አሰምቷቸው ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ሆዳቸው ውስጥ ይዘውት ኖረዋል። ያን ያህል ዓመት ሆድ ውስጥ የቆየ ነገር ምን እንደሚሆን ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ጀመሩ። ምን ልበላችሁ፣ ያስጠላ ነበር። ድራሙ ከመደርደሪያ ላይ የሚወርድ ዕቃ ነው። ባለማሲንቆው ያን የመሰለ እጅ እያለው ክሩን ይፍቀዋል፣ ይነክሰዋል፣ ያስጮኸዋል። ጋሼ ደግሞ አንዴ ያቃስታሉ፣ አንዴ ይተፋሉ፣ አንዴ እንደሚያስነጥስ ሰው ይሆናሉ፣ መሐል ላይ አንዲት የምታምር ድምፅ ትወጣና ገና ደስ ሲለኝ ራሳቸው ያንቋት ነበር። ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ድምፅ በፊት አየሩ ሲሳብ፣ ምራቁ ሲንቋቋ፣ የላላው ጥርስ ብረቱን ሲነካ ሁሉ እሰማለሁ። አፋቸው ውስጥ የገባሁ ያህል ተሰማኝ። ቁርሴን ስላልበላሁ ተመስገን አልኩ።

በመሐል በሩ ተንኳኳ። የመጋዘኑ ጎረቤት የሆነችው ሴትዮ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች።

“ማን ዐረፈ?”

የዕድር ጥሩምባ መስሏት ነው። ማንም አልሞተም፣ ሙዚቃ ነው አልኳት። ቆም ብላ አዳመጠችና፣ “እስቲ እሱ ይሁንላችሁ” ብላ ነጠላዋን እያስተካከለች ሄደች።

በሁለተኛው ቀን የሆነውን ግን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ ማሲንቆው ብቻውን ትንሽ ትንሽ ሳብ ሳብ ማድረግ ጀመረ። ክር እየቃኘ መሰለኝ። በመስታወቱ ሳይ ጋሼ ያፈሰሱት ውሃ ወደ አጎዛው ጫፍ እየተንሸራተተ ነው። አልቻልኩም። ጨርቅ ይዤ ገባሁና ተንበርክኬ መወልወል ያዝኩ። ውሃው ለብ ያለ ነበር፣ በጨርቁ አልፎ ጣቴን ነካኝ።

“ኤጭ!” አልኩ።

ለካ እየተጫወቱ ነበር። ጋሼ ዞር ብለው አዩኝ፣ ትራምፔቱን አነሱና ያንኑ “ኤጭ” መልሰው ነፉልኝ። በእኔው ድምፅ፣ በእኔው መንገፍገፍ፣ ከዚያ አስረዘሙት፣ አወጡት፣ አወረዱት። ድራመሩ በሳቅ ዱላውን ጣለ። እኔ አፍሬ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ጨረሱ። በሳምንቱ ጋሼ ጥርሶቻቸውን አስወጡ።

ያለቀሰ ሰው ፊቱን ታጥቦ ነው ሰው ፊት የሚቀርበው። እኔም የጋሼ የመጨረሻ ሥራ እንዲያ ሆኖ እንዲወጣ አልፈለግኩም። ሰው ሰምቶ እንዲስቅባቸው፣ “ሽማግሌው ለየላቸው” እንዲል አልፈለግኩም። በክፋት አላደረግኩትም፣ ይህን የምለው ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም። እንዲያውም በፍቅር የተሠራ መሆኑ የበለጠ ያስጠላኛል። ሦስት ሳምንት ሠርግም መዝሙርም ትቼ እሱ ላይ ተቀመጥኩ። ድራሙን አጥፍቼ የራሴን ሪዝም አስገባሁ። ማሲንቆውን አልፎ አልፎ ብቻ እንዲሰማ አደረግሁ። የጋሼን ድምፅ አንድ በአንድ እያነሳሁ ትዝታ ቅኝት ላይ አስቀመጥኩት፣ የረዘመውን አሳጠርኩ፣ የተሰበረውን ቀጠልኩ፣ ትንፋሹን በሙሉ ቆርጬ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩ። የእኔ “ኤጭ” ያለበትንም ቦታ ከነመልሱ ቆርጬ ጣልኩት። ሲያልቅ አማረ። እውነት አማረ፣ ሠርግ ላይ ቢከፈት ሙሽሮች ተያይዘው የሚወዛወዙበት ዓይነት ነበር።

ከዚያ ጥሬውን ቅጂ አጠፋሁት። ጥር እየደረሰ ነው፣ ሠርግ ተደራርቧል፣ ዲስኩ ሞልቷል። ሁሌም እንደዚያ ነው የማደርገው። ጥሬውን አምጪ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ልብስ አሳጥቦ እድፌን መልሱልኝ የሚል ማን አለ?

ጋሼ በታኅሣሥ አጋማሽ መጡ። አፋቸውን በሻርፕ ጠቅልለዋል፣ ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቷል፣ አሥር ዓመት የጨመሩ መሰሉኝ። አስቀመጥኳቸውና እንደ ሙሽራ እናት እየተንቆጠቆጥኩ ከፈትኩላቸው። የመጀመሪያውን እስከ መጨረሻው ሰሙ።

“ይሄ የሚነፋው ማነው?” አሉኝ።

“ውይ ጋሼ! እርስዎ ነዎት እንጂ!”

እንደገና ክፈቺው አሉኝ። ከፈትኩት። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

“ጎበዝ ነው” አሉ። “ግን አይተነፍስም። እንዲህ እየነፋ የማይተነፍስ ሰው አይቼ አላውቅም።”

አልተቆጡም። ቢቆጡ እንዴት ደስ ባለኝ። ሻርፓቸውን አስተካከሉና ዋናውን ስጪኝ አሉ፣ ሦስት ቀን የተቀዳውን፣ እንዳለ። አፌ ቶሎ መለሰ።

“አለ፣ ሌላ ዲስክ ላይ ነው። ለእሁድ አዘጋጀዋለሁ።”

እሳቸው እንደወጡ ሄጄ እጄን ታጠብኩ። እጄ ምንም አልነካም። ሁለተኛ ታጠብኩ። ሰው ራሱን መጠየፍ ሲጀምር ሳሙናውን የት እንደሚያሸው አያውቅም። ዲስኩን ከታች እስከ ላይ ፈተሽኩት፣ የጠፋ ፋይል ይመልሳል የተባለውን ፕሮግራም ሁሉ ሞከርኩ። በቦታው ሁለት ሠርግና አንድ የመዝሙር አልበም ተቀምጦበታል።

በማግስቱ ጎረቤላ ሄድኩ። ሲለማመዱ ምናልባት ባለማሲንቆው በስልኩ ቀድቶ ይሆናል ብዬ ነው። መንገዱ በሙሉ ጉም ነበር፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ነጭ ሽንኩርት በልቷል፣ ይገባኛል ብዬ እስክወርድ ድረስ ታገሥኩት። ባለማሲንቆውን ያገኘሁት አውድማ ላይ ገብስ ሲያበራይ ነው። እብቁ ጺሙ ላይ ተለጥፏል።

“እኅቴ፣ በደኅና ነው? ጋሼ ጥርሳቸውን አወጡት እንዴ?”

“አወጡት።”

“እሰይ፣ ሕመሙስ ይቅርላቸው። መንፋቱ ነው እንጂ አንጀት የሚበላው።”

የመጣሁበትን ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ፣ ጋሼ ስልክ እንደማያስነኩ አንቺም አይተሻል አለኝ። ታዲያ የተጫወትከውን ታስታውሰዋለህ፣ መልሰህ ልትጫወትልኝ ትችላለህ ብዬ ጠየቅኩት። በመንሹ ተደግፎ ሳቀብኝ።

“በምኑ ላስታውሰው እቴ? እኔ የሳቸውን ትንፋሽ እየሰማሁ ነው የምገባ። ረጅም ሲስቡ እዘገያለሁ፣ እንደሚያለቅስ ሕፃን ስቅ ሲሉ ተሽቀዳድሜ እገባለሁ። ሌላ ምልክት አልነበረን። ትንፋሻቸው ነው መሪያችን፣ እሷ ከሌለች እኔ ምኑን ይዤ ልጫወት?”

ነዶው ላይ ተቀመጥኩ። አቧራው፣ እብቁ፣ እበቱ፣ ምንም አልታየኝም። ሦስት ሳምንት ቁጭ ብዬ እየመረጥኩ፣ እየተጠነቀቅኩ፣ ማዳመጫ አድርጌ ቆርጬ የጣልኩት ያቺኑ ነው።

ቆርጬ የጣልኩት! ቆሻሻው ፎልደር ትዝ ያለኝ የመልሱ ሚኒባስ ላይ ነው። እኔ የሰውን ማንኪያ የምጸየፍ ሴት ያን ፎልደር ባዶ አድርጌው አላውቅም። ዲስኩ ላይ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ላይ ስለሆነ ዐይኔ ውስጥ አይገባም። እንደደረስኩ ካፖርቴን ሳላወልቅ ከፈትኩት። የጋሼ ቁርጥራጭ በሙሉ ተሰልፎ ነበር። ትንፋሽ፣ ትንፋሽ፣ ሳል፣ ውሃ ሲፈስ፣ ወንበር ሲንቋቋ፣ ምራቅ ሲዋጥ፣ ጋሼ “ቆዩ” ሲሉ፣ ትንፋሽ። ማዳመጫውን አድርጌ ሰማሁት። አሁን ወደድኩት ብል ውሸት ነው፤ ሁለተኛ ውሸት ደግሞ አልፈለግኩም።

እሁድ ጋሼ መጡ። ገና ሳይቀመጡ እውነቱን ነገርኳቸው። ጥሬው የለም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ የዋሸሁትም እኔ ነኝ አልኩ። አጎዛዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ምን ተረፈ አሉኝ።

“ቆሻሻው” አልኩ።

“አሰሚኝ።”

በተቀዳበት ቅደም ተከተል ቀጥዬው ነበር። ሰባት ደቂቃ ከምናምን ይሆናል። ማዳመጫውን እሳቸው ጆሮ ላይ አደረግሁና እኔ በድምፅ ማውጫው ሰማሁ። የመጀመሪያው ትንፋሽ ተሳበ። ሦስቱ የቀኝ እጃቸው ጣቶች የትራምፔት ቁልፍ እንደሚጫኑ ሁሉ ጉልበታቸው ላይ ተጫኑ። ሁለተኛው ተሳበ፣ ጣቶቹ ሌላ ቁልፍ ተጫኑ። ለእኔ ከትንፋሹ ቀጥሎ የሚመጣው ሌላ ትንፋሽ ነው። እሳቸው ግን ከእያንዳንዱ በኋላ የነፉትን ያውቁታል፣ በጣታቸው እየነፉት ነው። የእኔ መቀስ ያለፈበትን ሁሉ እየሞሉ ሄዱ። እኔ አልሰማም። ከእሳቸው በቀር በዚህ ዓለም ላይ ያን ሊሰማ የሚችል ሰው እንዳይኖር ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ እና እዚያው ፊታቸው ቆሜ ጣታቸውን አያለሁ።

ከዚያ ጨርቁ መሬቱን ሲያሽ ተሰማ፣ ቀጥሎ የእኔ “ኤጭ!”

ቀጥሎ ትራምፔቱ።

ዐሥራ አራት ሰከንድ ነው። በእኔ መጸየፍ ይጀምርና እየረዘመ፣ እየከፋ፣ እያቃሰተ ይወጣና ከላይ ተሰብሮ ይወርዳል። ያልተነካ፣ ያልታረመ፣ ከነውሃው። ጋሼ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው ሳቁ። ሻርፑ ወደቀ። ባዶው ድድ እርጥብ ነበር፣ ገና አልጠገገም፣ ምራቃቸው በአገጫቸው ወርዶ ጠረጴዛዬ ላይ ጠብ አለ።

“አልበሙ ይሄ ነው” አሉ። “እንዳለ አውጪው።”

“እሺ ጋሼ። የእኔን ድምፅ ብቻ ልቁረጠው፣ ያሳፍረኛል። ትራምፔቱ እንዳለ ይቆያል።”

“ለምን ብሎ እንደሚጮህ ማን ያውቅለታል ታዲያ?” አሉኝ። “እኔ የቀረሁት እዚያችው ድምፅ ላይ ነው። ተዪኝ።”

ጨርቄን አነሳሁና ጠረጴዛውን ወለወልኩ። ድምፁን አልነካሁትም።